ቫሳ፦ ማስጠንቀቂያ ሳይታጣ የሰጠመች መርከብ

በስቶክሆልም፣ ዩርጎርደን ደሴት ዳር፣ ከጣሪያው በላይ የመርከብ ምሰሶዎች ብቅ ያሉበት ሕንፃ አለ። ምሰሶዎቹ ለጌጥ ብቻ የቆሙ አይደሉም፤ ከሥራቸው ያለችው መርከብ ሙሉ ምሰሶዋ ቢተከልላት ቁመቷ የት ድረስ ይደርስ እንደነበር ያመለክታሉ። ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ጎብኚ መጀመሪያ የሚገጥመው ጨለማ ነው። መብራቱ ሆን ተብሎ ደብዝዟል፤ አየሩም ቀዝቀዝ ያለ ነው። ዓይን ጨለማውን ሲለምድ ግን ከፊት ለፊት ጥቁር ቡናማ የሆነ ግዙፍ አካል ይገለጣል። ከፊት ጫፏ እስከ ኋላዋ 69 ሜትር የምትረዝም፣ የኋላ ግንቧ 19 ሜትር ሽቅብ የሚወጣ፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ ቅርጻ ቅርጾች የተዋበች የእንጨት የጦር መርከብ ናት። በጎኖቿ ላይ የመድፍ መስኮቶች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። በመስኮቶቹ መዝጊያ ውስጠኛ ገጽ ላይ የአንበሳ ፊት ተቀርጿል፤ መዝጊያው ሲከፈት ጠላት መድፉን ብቻ ሳይሆን የሚያገሳውንም አንበሳ እንዲያይ ነው። እነዚያ አንበሶች ግን አንድም ጠላት አላዩም። መርከቧን የገደላት ውሃ የገባው በእነሱው መስኮት ነው።

መርከቧ ቫሳ ትባላለች። የሰጠመችው እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 1628፣ በእኛ አቆጣጠር 1620 ዓ.ም.፣ አፄ ሱስንዮስ ኢትዮጵያን ይገዙ በነበረበት ዘመን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኳ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው በአጭሩ ነው፦ አንድ ትዕቢተኛ ንጉሥ መድፍ አብዝቶ ጫነባት፣ እሷም ገና ከወደብ ሳትርቅ ተገለበጠች፣ ከዚያም ስዊድናውያን አውጥተው ሙዚየም አደረጓት። ትረካው ለጨዋታ ይመቻል፤ ለትምህርት ግን አይበቃም። በሙዚየሙ ውስጥ የተሰበሰበው ማስረጃ በአንድነት ሲታይ የሚናገረው ሌላ ነገር ነው። ቫሳን ያሰጠማት የእውቀት እጦት ወይም የአንድ ሰው ትዕቢት ብቻ አልነበረም። አደጋውን ያወቁ ሰዎች ነበሩ፤ ያወቁት ነገር ግን መርከቧን ሊያስቆም ወደሚችል ውሳኔ አልደረሰም። ዛሬ ከ400 ዓመት ግድም በኋላ ቆማ እንድትታይ ያደረጋት ደግሞ የዚያ ተቃራኒ የሆነ ልማድ ነው፤ መለካት፣ የተለካውን በግልጽ መናገር፣ በተነገረውም መሠረት ሥራን ማስተካከል።

የመጨረሻዋ 1,300 ሜትር

በ1620ዎቹ ስዊድን ከፖላንድ ጋር ጦርነት ላይ ነበረች። ንጉሥ ዳግማዊ ጉስታቭ አዶልፍ የባልቲክን ባሕር ለመቆጣጠር ትልልቅ መርከቦች ያስፈልጓቸው ነበር። በ1625 መርከቦች የማሠራት ውል የተፈረመው ከሄንሪክ ሂበርትሶንና ከንግድ ሸሪካቸው ከአሬንት ደ ግሮት ጋር ነው። ሄንሪክ በትውልድ ሆላንዳዊ፣ በሙያቸውም የተመሰከረላቸው መርከብ ሠሪ ነበሩ። በስቶክሆልም የመርከብ ማነጫ ወደ 400 የሚጠጉ ሠራተኞች ተሰማሩ፤ ከሺህ በላይ የኦክ ዛፍ ተቆረጠ። ሥራው ሳያልቅ ሄንሪክ ታመሙና በ1627 ሞቱ። የግንባታው ኃላፊነት ወደ ረዳታቸው ወደ ሄን ያኮብሶን ተላለፈ፤ የማነጫውን አስተዳደር ደግሞ የሄንሪክ ባለቤት ማርጋሬታ ኒልስዶተር ያዙ። ንጉሡ በፕሩሲያ ጦር ሜዳ ሆነው መርከቧ ቶሎ እንድትደርስ በደብዳቤ ይወተውቱ ነበር። እዚህ ላይ የሚታየው ስንፍና አይደለም፤ ኃላፊነት እጅ ሲለዋወጥ፣ አለቃው ሩቅ ሲሆን፣ ቀኑም ሲጣደፍ የሚፈጠር ሁኔታ ነው።

በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቫሳ ከቤተ መንግሥቱ ሥር ተነሥታ አራት ሸራዎቿን ዘረጋች። ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ በቀስታ ይነፍስ ነበር። በመርከቧ ላይ ወደ 150 የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ፤ ለዚያ አጭር ጉዞ ቤተሰብ ይዞ መሳፈር ስለተፈቀደ ከመካከላቸው ሴቶችም ነበሩ። ለክብር የሚተኮሰውን መድፍ ለመተኮስ መስኮቶቹ ተከፍተዋል። መርከቧ ነፋሱን ከጋረደላት የዳርቻ ገደል ጥላ ስትወጣ የመጀመሪያው ነፋስ መታትና ወደ ግራ ዘመመች፤ ግን ተመለሰች። ሁለተኛው ነፋስ ሲመጣ ግን አልተመለሰችም፤ የታችኛው ረድፍ መስኮቶች ከውሃው በታች ወረዱ፣ ውሃውም ገባ። የተጓዘችው ርቀት 1,300 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በባሕሩ ዳር ቆሞ ሊሸኛት የወጣው ሕዝብ ሁሉ እያየ፣ የምሰሶዎቿ ጫፍ ከውሃው በላይ ቀርቶ፣ 32 ሜትር ጥልቀት ላይ ተቀመጠች። ወደ 30 የሚሆኑ ሰዎች ሞቱ።

ምክንያቱ በፊዚክስ ቋንቋ ሲነገር ቀላል ነው። የመርከብ ቀፎ ነፋስ ሲገፋው ዘምሞ እንዲመለስ ክብደቱ ወደ ታች ማዘንበል አለበት። ቫሳ ግን ከውሃ በላይ ያለው አካሏ ከመጠን በላይ ረጅምና ከባድ ሆኖ ነበር የተሠራው። ከ64ቱ መድፎቿ 48ቱ ባለ 24 ፓውንድ ጥይት ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝኑ የነሐስ መድፎች ናቸው፤ እነዚህ ከባድ መድፎች በታችኛው ብቻ ሳይሆን በላይኛውም ደርብ ላይ ተደረደሩ። ሚዛን እንዲጠብቅ ከሆዷ ሥር የተጫነው ድንጋይ 120 ቶን ያህል ነበር። ድንጋይ ይጨመር ቢባል ደግሞ መርከቧ ትወርድና የታችኞቹ መስኮቶች ከውሃው ይበልጥ ይቀርባሉ። እንግዲህ ችግሩ በጭነት ማስተካከያ የሚፈታ አልነበረም፤ ከቀፎው ስፋት የሚጀምር ነበር።

ሠላሳ ሰዎች የሮጡበት ፈተና

ይህን ሁሉ ያወቅነው ከዘመናት በኋላ በሒሳብ ነው እንዳይባል፣ መርከቧ ከመነሳቷ ሳምንታት በፊት የተደረገ አንድ ፈተና አለ። መርከቧ ገና ከወደቡ ታስራ ሳለች ሠላሳ ሰዎች ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው እየተመላለሱ እንዲሮጡ ተደረገ። ዮራን ማትሶን የተባለው የመርከቧ ባለሙያ በኋላ ለመርማሪዎቹ እንዳስረዳው፣ በሦስተኛው ሩጫ መርከቧ ክፉኛ ስትወዛወዝ በቦታው የነበሩት ምክትል አድሚራል ክላስ ፍሌሚንግ ፈተናው ይቁም አሉ። ቢቀጥል ኖሮ እዚያው ወደብ ላይ ትገለበጥ ነበር ተብሎ ተፈርቷል። አስፈላጊው ነገር የሆነው ከዚህ በኋላ ነው፤ ወይም አለመሆኑ ነው። ፈተናው ቆመ፣ ጉዞው ግን አልቆመም። ማትሶን ስጋቱን ሲያቀርብ የተሰጠው መልስ፣ መርከብ ሠሪው ከዚህ በፊትም መርከብ የሠራ ሰው ስለሆነ መጨነቅ አያስፈልግም የሚል ነበር።

ሌላም ምስክር አለ። ቫሳን የጨረሱት ሄን ያኮብሶን በዚያው ማነጫ ኤፕለት የተባለች እህት መርከብ ሲሠሩ ነበር። ያቺኛዋ በ1629 ባሕር ላይ ወረደች፤ ከቫሳ አንድ ሜትር ያህል ሰፍታ ነው የተሠራችው። ይህ ማለት ሠሪው ራሳቸው የቫሳን ስፋት ተጠራጥረው ነበር ማለት ነው። ጥርጣሬያቸውን በሚቀጥለው መርከብ ላይ በሥራ ገለጡት፤ ከፊታቸው የነበረችውን መርከብ ግን ለማስቆም አልቻሉም ወይም አልደፈሩም። ኤፕለት ወደ ሠላሳ ዓመት ካገለገለች በኋላ በ1659 በቫክስሆልም አካባቢ የባሕሩን መተላለፊያ እንድትዘጋ ሆን ተብሎ እንድትሰጥም ተደረገች፤ ባለሙያዎች ያገኟት በ2021 ነው። የተሳካላት እህት ተረስታ፣ ያልተሳካላት መታወሷ ራሱ ለክርክራችን አንድ ማስረጃ ነው።

ቫሳ ከሰጠመች በኋላ የመርከቧ ካፒቴን ሶፍሪንግ ሃንሶን ወዲያው ታሰሩ። መድፉ በደንብ ታስሮ ነበር ወይ? ሠራተኛው ሰክሮ ነበር ወይ? ተብለው ተጠየቁ፤ ሁሉም በሥርዓት እንደነበር አስረዱ። በሴፕቴምበር ቤተ መንግሥት ውስጥ ምርመራ ሲካሄድ መርከብ ሠሪዎቹ የሰጡት መልስ ጉዳዩን ወደማይነካ ቦታ አወጣው፤ የመርከቧን ልክ ያጸደቁት ንጉሡ ራሳቸው ናቸው አሉ። ጥፋቱ የማን ነው ተብለው የተጠየቁት ደ ግሮት ይህን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው ሲሉ መለሱ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ነው ነገሩ። ማንም ሳይቀጣ ምርመራው ተዘጋ። ዋናው ሠሪ በሕይወት የሉም፤ ንጉሡ አይጠየቁም፤ ፈተናውን ያስቆሙት አድሚራል ከፍተኛ ሹም ናቸው። ኃላፊነቱ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲንከባለል የሚያርፍበት ሰው ታጣ።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ተቃውሞ ይነሣል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመርከብ ሚዛን በሒሳብ አይሰላም ነበር፤ ለሥሌቱ መሠረት የሆነውን ሐሳብ ፈረንሳዊው ፒየር ቡጌ ያሳተሙት በ1746 ነው፣ ከቫሳ 118 ዓመት በኋላ። እንግዲህ የዚያን ዘመን ሰዎች ባልነበራቸው ሳይንስ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት አይሆንም ወይ? ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። መርከብ ሠሪዎች በልምድና በውርስ ልኬት ይሠሩ ነበር፤ መርከቧ ገና ስትታቀድ ይህን ያህል ትከብዳለች፣ ይህን ያህል ትዘምማለች ብሎ መተንበይ አይቻልም ነበር። ሆኖም ሠላሳ ሰው ለማስሮጥ ሒሳብ አያስፈልግም። ፈተናው ጥንታዊ፣ ቀላል፣ ግን በቂ ነበር፤ ውጤቱም ግልጽ ነበር። የጎደለው ሥሌት ሳይሆን ከውጤቱ ወደ ውሳኔ የሚወስደው መንገድ ነው። የቡጌ ሒሳብ በእጃቸው ቢኖር እንኳ፣ ሒሳቡን ይዞ ንጉሥ ፊት የሚቆም ሰው እስካልተገኘ ድረስ ቫሳ ያው ትሰጥም ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሌላ ወገን ይመጣል። ይህን ሁሉ መዘርዘር ለምን? ንጉሡ አዘዙ፣ ንጉሡ አጣደፉ፣ ጥፋቱም የንጉሡ ነው ይላል። ንጉሡ ነፃ ናቸው ማለት አይቻልም፤ ልኩን አጽድቀዋል፣ ቀኑን አጣድፈዋል። ሁሉን በንጉሡ ላይ መጣል ግን ሁለት ነገር ያስረሳል። አንደኛ፣ መርከቧን የነካትና ስትወዛወዝ ያያት ሰው ንጉሡ አልነበሩም፤ እሳቸው ከባሕር ማዶ ነበሩ። ሁለተኛ፣ ቀፎው ራሱ በየእጁ የተከማቸ ትንንሽ ስህተት ይናገራል። ባለሙያዎች እንጨቷን ሲለኩ የግራ ጎኗ ከቀኙ ወፍሮ አገኙት። በመርከቧ ውስጥ አራት የአናጢ መለኪያዎች ተገኝተዋል፤ ሁለቱ 12 ኢንች ባለው የስዊድን ጫማ፣ ሁለቱ ደግሞ 11 ኢንች ባለው የአምስተርዳም ጫማ የተከፋፈሉ። በአንዲት መርከብ ላይ የሆላንድና የስዊድን አናጢዎች ሁለት ዓይነት ልክ ይዘው ሲሠሩ ነበር ማለት ነው። ይህን ንጉሥ አያየውም፤ አጠገቡ ያለ ሰው ግን ያየዋል። ጥፋትን በአንድ ትልቅ ሰው ላይ መጫን የሚያጽናናው፣ በየደረጃው ያሉትን ሰዎች ከጥያቄ ስለሚያድን ነው።

ከጭቃ እስከ አየር

መርከቧ ከሰጠመች በኋላ መጀመሪያ የተፈለገው መድፎቿ ነበሩ። በ1660ዎቹ አልብሬክት ፎን ትራይሌበንና ባልደረቦቻቸው ከሥሩ ክፍት በሆነ፣ አየር በሚይዝ የመጥለቂያ ደወል ውስጥ ቆመው እየወረዱ ከ50 በላይ መድፍ አወጡ። ከዚያ በኋላ ቫሳ ተረሳች። እንደገና ያስታወሷት አንደርስ ፍራንዜን የተባሉ የጦር መርከቦችን ታሪክ የሚያጠኑ ሰው ናቸው። መነሻቸው አንድ ቀላል ሐሳብ ነበር፦ በሌሎች ብዙ ባሕሮች የሰጠመ እንጨትን ቦርቡሮ የሚጨርሰው የመርከብ ትል ጨዋማነቱ አነስተኛ በሆነው የባልቲክ ውሃ ውስጥ አይኖርም፤ ስለዚህ የዚያ ዘመን መርከብ በስቶክሆልም አቅራቢያ ሳይበላ ሊገኝ ይችላል። ሰነድ እያገላበጡ፣ ከጀልባ ላይ ወደ ባሕሩ ወለል መሣሪያ እየወረወሩ ዓመታት ፈለጉ። በ1956 ከመሣሪያቸው ጫፍ ጥቁር የኦክ እንጨት ቁራጭ ወጣ። የባሕር ኃይሉ ጠላቂ ፔር ኤድቪን ፌልቲንግ ወረዱ፤ ታች ምንም በማይታይበት ጨለማ በእጃቸው እየዳበሱ ሁለት ረድፍ የመድፍ መስኮት ነኩ። ባለ ሁለት ደርብ መድፍ መርከብ ከሆነች ቫሳ ናት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ምንም ያህል ቢደነቅ አይበዛበትም። ጠላቂዎች በውሃ ግፊት እየቆፈሩ ከመርከቧ ሥር ስድስት መተላለፊያ አወጡ። የብረት ገመዶች በመተላለፊያዎቹ ተሳቡ፤ ገመዶቹ ከላይ ከሚንሳፈፉ ትልልቅ ታንኳዎች ጋር ታሰሩ። በ1959 መርከቧ ከጭቃው ተነሥታ ደረጃ በደረጃ ወደ 16 ሜትር ጥልቀት ተወሰደች። እዚያ ሁለት ዓመት ገደማ የዛገው ብሎን ቀዳዳ ሲደፈን፣ የመድፍ መስኮቱ ሲዘጋ ቆየ። ኤፕሪል 24 ቀን 1961 ቫሳ ከ333 ዓመት በኋላ ከውሃው በላይ ወጣች፤ ውሃው ከተቀዳ በኋላም በራሷ ቀፎ ተንሳፍፋ ወደ መትከያዋ ገባች።

ፈተናው ግን ያኔ ነው የጀመረው። ውሃ የጠጣ እንጨት ዝም ብሎ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ይጣመማል። ስለዚህ ከ1962 እስከ 1979፣ ለ17 ዓመት፣ መርከቧ ፖሊኢቲሊን ግላይኮል በሚባል ሰም መሰል ንጥረ ነገር ስትረጭ ኖረች፤ ንጥረ ነገሩ በእንጨቱ ውስጥ ያለውን ውሃ ቀስ እያለ ይተካዋል። ከዚያም በዝግታ ደረቀች። አሁን ያለችበት ሙዚየም የተከፈተው በ1990 ነው፤ አርክቴክቶቹ ማሪያን ዳልቤክና ዮራን ሞንሶን ናቸው። ከመርከቧ 98 በመቶ የሚሆነው የራሷ የጥንቱ አካል ነው።

ዕድል ወይስ ሥራ?

«ይህ ሁሉ ዕድል ነው» የሚል ተቃውሞም አለ። ትል የሌለበት ባሕር፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ጥልቅ ጭቃ። ለ333 ዓመታት እውነት ነው፤ ዕድል ጠብቋታል። እንዲያውም የዕድሉ አንድ ክፍል ቆሻሻ ነው። የስቶክሆልም ወደብ ለረጅም ዘመን የከተማው ፍሳሽ የሚገባበት ሆኖ ኦክስጅኑ ስላነሰ እንጨት የሚያበሰብሱ ረቂቅ ተሕዋስያን እንደ ልብ መሥራት አልቻሉም። በተቃራኒው ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በብዛት የድኝ ውህድ አምርተው ድኙ በእንጨቱ ውስጥ ተጠራቀመ። ያዳናት ቆሻሻ መርዝም ትቶባት ሄዷል። በ2000 ዝናባማ የበጋ ወራት እርጥብ ልብስ የለበሱ ጎብኚዎች ሲጎርፉ የሙዚየሙ እርጥበት ከፍ አለ፤ በእንጨቱ ላይ ነጭና ቢጫ ዱቄት መሰል ነገር ብቅ አለ። ሲመረመር በእንጨቱ ውስጥ ሁለት ቶን ያህል ድኝ እንዳለ ተገመተ፤ ያ ድኝ ከአየሩና ከእርጥበቱ ጋር ሲገናኝ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይቀየራል። የጥንቶቹም ሆኑ በ1960ዎቹ የገቡት የብረት ብሎኖች ዝገት ደግሞ ሂደቱን ያፋጥናል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር የ1628ቱ ግልባጭ ነው። ችግሩ ሲታወቅ አልተሸሸገም፤ በሳይንሳዊ መጽሔት ታተመ፣ ባለሙያዎች ከውጭ አገርም ተጠሩ። የአየር ማስተካከያው ተሻሽሎ የሙቀቱም የእርጥበቱም መጠን በየዕለቱ ቁጥጥር ሥር ሆነ። ከ5,000 በላይ የሆኑ ብሎኖች ከ2011 እስከ 2018 በማይዝግ ብረት ተተኩ። በመርከቧ አካል ላይ የተተከሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ የመለኪያ ነጥቦች በየጊዜው ይለካሉ፤ ልኬቱም መርከቧ በራሷ ክብደት ቀስ በቀስ እያጎነበሰችና እየተጠመዘዘች መሆኑን አሳየ። በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ለዓይን ምንም ነው፤ ለአንድ ምዕተ ዓመት ግን ብዙ ነው። በዚሁ መሠረት የድሮው መደገፊያ በአዲስ የብረት ድጋፍ እንዲተካ ተወሰነ። በ1628 ሠላሳ ሰው ያናወጣት መርከብ ምልክቷን በግልጽ አሳይታ ማንም አልሰማትም፤ ዛሬ አንድ ሚሊ ሜትር ስትንቀሳቀስ ይመዘገባል፣ የተመዘገበውም ወደ ሥራ ይለወጣል። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ መከራው የመከረው ተቋም እንዴት እንደሚሠራ ማየት የፈለገ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ በቀላሉ አያገኝም።

ይኸው ልማድ በትርጓሜም ላይ ይታያል። መርከቧ በወጣች ጊዜ ቅርጻ ቅርጾቿ በሰማያዊና በወርቅ ቀለም ያሸበረቁ እንደነበሩ ይታመን ነበር፤ በእንጨቱ ላይ የቀሩ የቀለም ቅንጣቶች ሲመረመሩ ግን ቀይና ሌሎችም ደማቅ ቀለሞች ብቅ አሉ፤ ሙዚየሙም ትረካውን ለወጠ። ከመርከቧ ውስጥ ከተገኙት አፅሞች አንዱ ወንድ ነው ተብሎ ለብዙ ጊዜ «ጉስታቭ» ይባል ነበር። በ2023 የዲኤንኤ ምርመራ ሴት መሆኗን አረጋገጠ፤ ሙዚየሙም ይህን ለሕዝብ አስታወቀ። ትልልቅ ተቋማት የተናገሩትን ማረም ክብር የሚነካ ይመስላቸዋል፤ እዚህ ግን እርማቱ ራሱ ከኤግዚቢሽኑ ክፍሎች አንዱ ሆኗል።

የቀረው ተቃውሞ የዋጋ ነው። ይህን ያህል ገንዘብና ዕድሜ ለአንዲት የጦር መሣሪያ፣ ያውም ለወደቀች የጦር መሣሪያ ማዋል ተገቢ ነው ወይ? ድል ካደረጉት መርከቦች ጋር ማወዳደር ይጠቅማል። የብሪታንያዋ ቪክቶሪ በ1805 በትራፋልጋር ያሸነፈች መርከብ ናት፤ ከ1922 ጀምሮ በፖርትስማውዝ ደረቅ መትከያ ላይ ቆማለች። የአሜሪካዋ ኮንስቲትዩሽን በ1797 ተሠርታ ዛሬም በቦስተን አለች። ሁለቱም ሊጎበኙ የሚገባቸው ናቸው፤ ሆኖም ለአገልግሎትም ለማስታወሻም ሲባል ደጋግመው ስለታደሱ አብዛኛው እንጨታቸው ተተክቷል። ቫሳ ግን አገልግሎት ሳትጀምር ስለሰጠመች የአናጢው የመጥረቢያ ምልክት፣ የመርከበኛው ሳጥን፣ በሳጥኑ ውስጥ ያለው የሱፍ ባርኔጣ፣ የጨዋታ ሰሌዳው፣ ያልተዘረጉት ስድስት ሸራዎች እንዳሉ ተገኝተዋል። ሐውልት የሚሠራላቸው ንጉሥና አድሚራል ናቸው፤ ተራው መርከበኛ ምን ይለብስ፣ ምን ይበላ እንደነበር ግን የሚናገር ሐውልት የለም። ቫሳ ይህንን ትናገራለች፤ የምትናገረውም ስላልተሳካላት ነው። ለጦርነት ክብር አይደለም ገንዘቡ የዋለው፤ በሌላ መንገድ ሊገኝ ለማይችል ማስረጃ ነው።

እርግጥ ነው፣ በዓመት ከሚሊዮን በላይ ከሚሆነው ጎብኚ ብዙው ከፊት ያለውን አንበሳ ፎቶ አንሥቶ፣ የትዕቢተኛውን ንጉሥ ተረት ሰምቶ ይወጣል። ይህ የሙዚየሙ ስህተት አይደለም፤ አጭር ተረት ሁልጊዜ ከረጅም ማስረጃ ይቀድማል። ለዚህ ነው ወደዚያ የሚሄድ አንባቢ ጊዜ ወስዶ ሌሎቹን ደርቦች ማየት ያለበት፤ የአናጢዎቹን መለኪያ፣ የምርመራውን ታሪክ፣ የሟቾቹን ክፍል፣ ስለ ጥበቃው ሥራ የተዘጋጀውን ማብራሪያ። በስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም ልጆቻቸውን ሊወስዱ ይገባል፤ ዕድሜያቸው ከ18 ያልበለጠ ያለ ክፍያ ይገባሉ። መርከቧን አይተው ሲጨርሱ ሊጠይቋቸው የሚገባው ጥያቄ «ንጉሡ ለምን ተሳሳቱ?» የሚል አይሁን። «ያወቁት ሰዎች ለምን ዝም አሉ፣ እንዲናገሩስ ምን ይደረግላቸው ነበር?» የሚል ይሁን። ድልድይ፣ ግድብ፣ ሆስፒታል ወይም ትምህርት ቤት የሚሠራ ሁሉ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ይህን ጥያቄ መመለስ አለበት።